የእናቴ ግድግዳና የሻወሩ ገመድ

«በውስጥ አይሆንም አልኩሽ! ኮርኒሱ ውስጥ አይጥ አለ!»

«አይጡን አባርራ! ግድግዳዬ ላይ እባብ ከምታጋድም አይጥ ማባረር አይቀልህም?»

አባቴና እናቴ ነበሩ፣ ፍኖተ ሰላም ባለው ግቢያችን ውስጥ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጥቅል የመብራት ገመድ መሐላቸው አስቀምጠው። እባብ የተባለው ያ ጥቁር ገመድ ነው። ከቤቱ ፊት ካለው ቆጣሪ ተነስቶ፣ የውጭውን ግድግዳ ታክኮ፣ ጓሮ ካለችው መታጠቢያ ቤት መድረስ ነበረበት፤ እዚያ አባቴ የገዛው የሻወር ማሞቂያ ሊገጠም። መብራት የሚዘረጋልን ጎረቤታችን ስሜነህ በሁለቱ መካከል ቆሞ መዶሻውን ከእጅ እጅ ያገላብጥ ነበር።

«እትየ ዘሃራ፣ አይጥ ገመዱን ከላጠው ቤቱም አብሮ ይነዳል» አላት።

እናቴ ሻሿን አጥብቃ ወደ ማጀት ገባች። ለማያውቃት ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር።

ማሞቂያው የተገዛው ለአባቴ አባት ነው። አያቴ ጉልበታቸውን ታመው ከቡሬ ወዲያ ካለው ገጠር እኛ ዘንድ መጥተው ነበር። ለሶላት ሲታጠቡ ቀዝቃዛው ውኃ እስከ አጥንታቸው ይዘልቅባቸው ነበር፤ እናቴ ላሙቅልዎ ስትላቸው ግን ምራታቸውን በቀን አምስት ጊዜ ምድጃ ስር ማስቀመጥ አፍረው፣ «ለብ ብሏል ልጄ፣ ለብ ብሏል» እያሉ በዚያው በቀዝቃዛው ይታጠቡ ነበር። የክረምቱ ጭቃ ሲደርቅ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱም ቆርጠው ነግረውናል። እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ የገጠምኩትን ግጥም እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌላው ሁሉ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ «ቤት ጠረግሽ ወይ?» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ገመዱ በውስጥም ሄደ በውጭ ለእኔ አንድ ነበር፤ ብቻ ይድረስ።

የጭቃ ግድግዳ ምስማር አይዝም። ስሜነህ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ፣ ከምርጊቱ ስር ቋሚ እንጨት ያለበትን ቦታ በድምፁ ይፈልግ ነበር። ጭቃ ብቻ ሲሆን ድፍን ይላል፣ እንጨት ሲሆን ይመልሳል። እኔም ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ ጉንጬ በአቧራ ተቀብቶ፣ «እዚህ ነው አያ ስሜነህ!» እያልኩ እጮህ ነበር፤ አብዛኛውንም አገኘሁት። ዛሬም ሰው በር ሲያንኳኳ ያ ድምፅ ይመጣብኛል። ገመዱ ተዘርግቶ አለቀ፤ ለሻወሩ ለብቻው የሚያስፈልገው ብሬከር ግን በከተማው ስለጠፋ፣ አባቴ ባሕር ዳር ለሚመላለስ ሹፌር ላከና መጠበቅ ጀመርን።

መስከረም ጠባ። ዝናቡ ሲያባራ የሰፈራችን ሴቶች ክረምቱ ያጠበውን ግድግዳ በወንፈል ይመርጉ ነበር፤ ዛሬ የአንዷን፣ ነገ የሌላዋን። ጭድ የገባበት እርጥብ ጭቃ ሽታ መንደሩን ይሞላው ነበር፣ እኛ ልጆችም እስከ ጉልበታችን ገብተን እየጨፈርን እናቦካው ነበር። የእኛ ተራ የደረሰው አባቴ ገበያ በዋለበት ቀን ነው። አመሻሹ ላይ ሲመለስ ግድግዳው እንደ ሐር ለስልሶ ጠበቀው።

«ገመዱስ?» አለ።

«ለብሷል» አለች እናቴ።

በማግስቱ ብሬከሩ ደረሰ፣ ስሜነህም መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። ግድግዳውን ሲያይ መሰላሉ ከትከሻው ወረደ።

«እትየ ዘሃራ! ቀበርሽው?»

«አለበስኩት። ምን በደልኩ?»

«ነገ አንዱ የልብስ ገመድ ልሰር ብሎ ምስማር ቢመታበትስ? የማላየው ገመድ ላይ መብራት አልለቅም። ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ።»

«አዲሱን ምርጊቴን? ስድስት ሴት የዋለበትን?»

ጩኸቱ ሴቶቹን ከየደጃቸው አወጣቸው። «ቀብሩንስ አሳምረን ቀብረነዋል፣ የቀረው ተዝካሩ ነው!» አለች አንዷ፣ እና ሁሉም ሳቁ። አያቴ ግን በትራቸውን ተደግፈው ብቅ አሉና አልሳቁም።

«ተይ ልጄ፣ ግድግዳሽን አታፍርሺ» አሏት። «እኔ እንደሆንኩ ነገ በቡሬው መኪና እሄዳለሁ። መንገዱም ደርቋል።»

ሳቁ ቆመ። እኔ ልለምናቸው አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ግድግዳዋን አየች፣ አያቴን አየች፣ ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ቆጣሪው ሄደችና አሥር ጣቶቿን ገና ባልጠነከረው ጭቃ ውስጥ ሰካች። መብራት ገና እንዳልተለቀቀበት የምታውቀውን ገመድ እየቧጠጠች መግለጥ ጀመረች።

«ምን ትገተራላችሁ? ቧጥጡ እንጂ!» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ።

ቧጠጡ። ትናንት የለሰኑትን ዛሬ እየሳቁ፣ ጭቃ እየተወራወሩ አፈረሱት፤ አባቴ እንኳ የገበያ ኮቱን ሳያወልቅ ገባበት። ከቆጣሪው እስከ ጓሮ አንድ ረጅም ቦይ ተቀደደ። ስሜነህ ገመዱን በግራጫ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ፣ እያንኳኳ እንደገና መታው፤ ማሞቂያውንም ገጠመ። «ቱቦውን ኖራ እቀባዋለሁ» አለች እናቴ፣ እሱም «ይህንንስ ቀቢው» አላት።

አሁን ባሕር ዳር በተከራየኋት ክፍል ገመዱ ሁሉ ሲሚንቶው ውስጥ ነው፤ ማን እንደዘረጋው አላውቅም፣ በእሱ ሰበብ ማን ከማን ጋር እንደተጣላም አላውቅም። ውኃው ይሞቃል፣ ታጥቤ እወጣለሁ። የዚያ ቤት ገመድ ግን የትኛው ቋሚ ላይ ምስማሩ እንደጎበጠ ሳይቀር አውቀዋለሁ።

ያን ቀን ስሜነህ ብሬከሩን አንስቶ መብራቱን ሲለቅ ሰፈሩ በሙሉ ግቢያችን ውስጥ ነበር። አያቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠየቁት።

«ውኃና መብራት ጠበኞች ናቸው ሲባል አልነበር?»

«አስታርቄያቸዋለሁ አባባ፣ አይፍሩ።»

እናቴ ጭቃው ባልለቀቀው እጇ ፎጣውን በጥንቃቄ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። እኔም ሁሉም እየሰማ፣ «ነገ ይሄዳሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ልታጠብ እንጂ» አሉኝ፣ «ከዚያ ያን አዲሱን ግጥምሽን ታነቢልኛለሽ፤ ረጅም ነው ብለሽኝ የለ?»

በትራቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ከደጃፉ ወርደው፣ ግቢውን በዝግታ አቋርጠው ሄዱ፤ መታጠቢያዋ ውስጥ ገቡና የቆርቆሮውን በር ከውስጥ ዘጉት።