እርጅና ነው ያልነው

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ጅቡቲ በሙቀት በምትቀቀልበት ወቅት ነው። ሰዎች ስለ አንድ አዛውንት “እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል” ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ያኔ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። እናቴ ለዚህ ተስላ ነበር። ልጄ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ከበቆሎ ቂጣና ከሻይ በቀር ምንም ላትቀምስ ነው ስእለቷ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ። “ከማን ጋር የገባሁትን ቃል ነው አፍርሺ የምትይኝ?” አለችኝ። እናቴ ግትር ናት። እኔም ግትርነቱን ከጎረቤት አላመጣሁትም፤ ግን አልቻልኳትም።

ወራት ሲያልፉ አቅም አነሳት፣ ተቅማጥም ያዛት። የእጆቿ ጀርባ ጠቁሮ ተሰነጣጠቀ፤ አንገቷንም እንደ ሐብል ጥቁር ነገር ዞራት። የጅቡቲ ፀሐይ ነው ብለን ቅባት ቀባናት። ሐኪም ቤት ሄደን ለሆዷ መድኃኒት ተሰጣት፤ ስለ ስእለቱ ግን እሷም እኔም ትንፍሽ አላልንም። ስእለት ለሰው አይወራማ!

ከዚያ መርሳት ጀመረች። አንድ ማታ ቡላኦስ ሰፈር ካለችው የጨርቅ ሱቄ ወደ ቤት ስገባ “የኔ እመቤት፣ ማንን ፈልገሽ ነው?” አለችኝ። ዘመዶቻችን “እርጅና ነው፤ ድሬዳዋ እህቷ ዘንድ ውሰጃት፣ አገሯ ገብታ ትረፍ” ብለው መከሩኝ። ትረፍ ማለታቸው ምን እንደሆነ ገብቶኛል።

ምክራቸውን ሰምቼ ናጋድ ባቡር ጣቢያ የድሬዳዋውን ባቡር ስንጠብቅ ከጎናችን የተቀመጠ ጎልማሳ የእናቴን እጅና አንገት አተኩሮ ያይ ጀመር። ተናደድኩ። ልናገረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

“የኔ እህት፣ እማማ ምንድን ነው የምትበላው?”

አነጋገሩ የድሬ ልጅ ነው። ሐኪም መሆኑን፣ ውጭ አገር ስለ እርጅና እንደሚያጠና፣ አሁን ወላጆቹን ሊጠይቅ እንደሚሄድ ነገረኝ። እኔ ግን ለመናገር አመነታሁ። ይሄኔ እናቴ ወደ እሱ ዞር ብላ “ይቺ ሴትዮ ወዴት ነው የምትወስደኝ?” ብላ ጠየቀችው። እንባዬ መጣ። ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

“እርጅና አይደለም” አለኝ። “ፔላግራ የሚባል በሽታ ይመስለኛል። ዝም ከተባለ ይገድላል፤ ከታከመች ግን ትመለስልሻለች።”

በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ኤን ኤ ዲ የሚባል ነገር እንዳለ፣ የበላነው ምግብ ጉልበት የሚሆነው በእሱ አጋዥነት እንደሆነ አስረዳኝ። ሰውነት እሱን ለመሥራት ከምግብ የሚያገኘው ቫይታሚን ያስፈልገዋል፤ ቂጣና ሻይ ብቻ አይበቃም። ይህ ኤን ኤ ዲ ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል ስለሚባል፣ ቢጨምሩት እርጅናን ያዘገይ እንደሆነ እነሱ ይመራመራሉ።

“ያዘገያል?” አልኩት።

“ገና አላወቅንም። ቫይታሚኑ ለእናትሽ የሚያደርገውን ግን እናውቃለን። ዛሬውኑ ወደ ከተማ ተመልሰሽ አሳክሚያት።”

ከተማ ውስጥ ላለ ሐኪም ጓደኛው ደውሎ ነገረልኝና ባቡሩ ሲጠራ ሻንጣውን አንስቶ ሄደ። እኔም ቲኬቴን እንደያዝኩ እናቴን ታክሲ ውስጥ አስገባኋት።

ስእለቷ ግን አሳሰበኝ። ለንስሐ አባቷ ደውዬ ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። “እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ፤ ብዪ” አሏት። እኔን ረስታለች፤ የሳቸውን ድምፅ ግን አወቀችና ለመባረክ አንገቷን ደፋች።

የሐኪሙ ጓደኛ መርምሮ አረጋገጠ። ቫይታሚኑን ጀመሩላት፤ ዓሣና እንቁላልም እንድትበላ ታዘዘ። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ አንድ ጠዋት ሾርባ ይዤ አልጋዋ አጠገብ ስቆም ዓይኗ እግሬ ላይ አረፈ።

“አንቺ አልማዝ! እግርሽ እንዲህ አብጦ ትቆሚያለሽ? ተቀመጪ እንጂ!”

ስሜን ጠራችው! እንደ ድሮዋም ተቆጣችኝ። ሾርባውን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ልጄ ክርስትና ስትነሳ ያቀፈቻት እናቴ ናት። እስከ ዛሬ ያን ጠዋት ሳስበው ሰውነቴን ይነዝረኛል። ስሜ፣ ልጅነቴ፣ ያ ሁሉ ፍቅሯ በዓይን በማይታይ ነገር ተይዞ ነበር ለካ! የዚያን ሐኪም ስም እንኳ አልጠየቅኩትም። እናቴ ግን በየማለዳው ስትጸልይ “ልጄን ያሳወቀኝን ሰው ጠብቅልኝ” ስትል እሰማታለሁ።