የምሰማውን ድምፅ ለአማቴ ሳስረዳ

መጀመሪያ የሰማሁት ስሜን ነው። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ሚሌኒየሙ ሊገባ ሲል አንድ ቀን እንግዶች አስከትዬ በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ስሄድ ከኋላዬ ሰው ጠራኝ። ዞርኩ። የጠራኝ ሰው የለም። በሳምንቱ ድምፆቹ ሁለት ሆኑ፤ እርስ በርሳቸው ስለ እኔ ያወራሉ። «እንግዶቹ ይስቁበታል» ይላል አንዱ። ሌላው ያግዘዋል።

እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ ትርንጎ ያቀረበችልኝን ምግብ እጠረጥር ጀመር። እንጀራዬ መናገር ነው፤ መናገር አቃተኝ።

ትርንጎ ጠበል አስጠመቀችኝ፤ ከዚያም ወልድያ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ዘንድ ወሰደችኝ። ነርሷ ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ «ሕመምህ ስኪዞፍሬኒያ ይባላል። ድምፁ ከውጭ አይመጣም፤ የራስህ አእምሮ ነው የሚሠራው። ኪኒኑ ያስታግሰዋል። ግን ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ።» ሃሎፔሪዶል የሚባል ኪኒን ጠዋትና ማታ እንድወስድ ታዘዘልኝ። እጄን አንቀጠቀጠኝ፤ ለእሱም ሌላ መድኃኒት ተጨመረልኝ። ከሁለት ወር በኋላ ድምፆቹ ራቁ። ሥራዬን ያዝኩ። በዓመቱ ሴት ልጅ ወለድን።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ጠዋት ኪኒን በውኃ መዋጥ ጾም መግደፍ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስገባና ስወጣ የምውል ሰው ነኝ። የጠዋቱን ተውኩት። ትንሽ ቆይቼ የማታውንም ተውኩ። ለትርንጎ አልነገርኳትም። ነርሷን ወይም የነፍስ አባቴን መጠየቅ እችል ነበር፤ ግን አዋቂው እኔ፣ ማንን ልጠይቅ?

በአራተኛው ሳምንት ሁለት እንግዶች ይዤ ዋሻ ውስጥ ወዳለው ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ድምፁ መጣ። «ሊይዙህ ነው፣ ሂድ» አለኝ። እንግዶቹን ዋሻው ደጃፍ ላይ ትቼ ሮጥኩ። ሁለት ቀን ጫካ ውስጥ ቆየሁ። ማንንም አልነካሁም። ፈርቼ ነበር። በጣም ፈርቼ ነበር። ገበሬዎች አግኝተው አባብለው ቤቴ አደረሱኝ።

አማቴ ኩልመስክ የሚኖሩ የዜማ መምህር ናቸው፤ የኔታ እንላቸዋለን። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ጋሸና መኪና ሲጠብቁ ምግብ ቤት ውስጥ ፊልም አይተዋል፤ እብዱ ሚስቱን በቢላ የሚያሳድድበት ፊልም። አልፈርድባቸውም። እኔም በልጅነቴ ከቪዲዮ ቤት የማልጠፋ ነበርኩ፤ የማውቀው እብድ ወይ የሚያስቅ ወይ የሚያርድ ነው። ኪኒኑን ውጦ ሥራ የሚገባ፣ ልጁን የሚያጥብ እብድ በፊልም አይቼ አላውቅም። የኔታ ወሬውን እንደሰሙ መጡ። «ልጄንና የልጅ ልጄን እዚህ አላስቀምጥም» ብለው ሁለቱንም ወሰዷቸው። ትርንጎ እያለቀሰች ሄደች።

ወልድያ ተመለስኩ። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ሐኪሙን አማክራ መድኃኒቱን በቀን አንዴ፣ ማታ ከራት በኋላ እንድወስደው አደረገች። የተቆጡኝ የነፍስ አባቴ ናቸው። «ኪኒን መቼ ነው ምግብ የሆነው? ለታመመ ሰው እንኳን ኪኒኑ ጾሙም ይፈታለታል!» አሉኝ። ያን ቁጣቸውን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ራሴን ስይዝ፣ ቤተሰቤን ለማስመለስ ኩልመስክ ሄድኩ። የኔታ መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ልጄ ጓዳ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ አላመጡልኝም።

«ያ በፊልም ያየሁት ሰውየም እንዳንተው ድምጥ ይሰማ ነበር» አሉኝ።

«የኔታ፣ እሱን ቢላ ያስያዘው ፊልሙን የሠራው ሰው ነው። እኔ ድምፁ ሲመጣብኝ ከሰው ሸሸሁ። ኪኒኔን ማቋረጤ ግን ጥፋቴ ነው፤ አይደገምም።»

«አሁንስ ይሰማሃል ልጀ?»

አይሰማኝም ብል ይቀለኝ ነበር። «አልፎ አልፎ፣ ከሩቅ ይሰማኛል» አልኳቸው።

«እስቲ አሁን ምን ይልሃል?»

«የኔታ አያምኑህም ይለኛል።»

  የኔታ ተነስተው ጓዳ ገቡ፤ ልጄን ይዘው ወጥተው እቅፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ዋሸህ በለው» አሉኝ።

በማግሥቱ ሦስታችን ላሊበላ ገባን። እነሆ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሁዳዴዎች ጾሜአለሁ፤ መድኃኒቴንም ጠበሌንም አልተውኩም፤ ድምፁ አንዳንዴ ብቅ ቢልም እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። ትርንጎን፣ ነርሷን፣ የነፍስ አባቴን፣ ስማቸውን እንኳ ያልጠየቅኳቸውን እነዚያን ገበሬዎች እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንደ እኔ የታመማችሁ፣ ጾም ሲገባ ስለ መድኃኒታችሁ ሰዓት ሐኪማችሁን አማክሩ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ረመዳን የምትጾሙም እንዲሁ። ድምፁ «ራስህን ወይም ሌላ ሰው ጉዳ» ካላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም ተናገሩ። ቤተሰብ የሆናችሁ ደግሞ ፊልሙን ተዉትና የታመመባችሁን ሰው ምን እንደሚሰማ ጠይቁት፤ መልሱ ቢያስፈራችሁም እስኪጨርስ ስሙት። እኔ ድምፅ ይሰማኛል ብዬ ልጄን የታቀፍኩ ሰው ነኝ።