የወይዘሪት ቢጫ ጆሮ

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ የሚያወርደው ሲተኛ ብቻ ነው፤ እሱንም ሚስቱ ናት የምታወርድለት። ሰው ገና በር ላይ ሲታይ የወገቡን ልክ ይናገራል፣ አይስትም። «ዓይኔ ዋሽቶኝ አያውቅም» ይላል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ቁልፍ የምተክል የእህቱ ልጅ፣ ይህን ጉራ ስንት ዓመት እንደሰማሁት!

በስስ ግድግዳ የምንለያየው ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሁለቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲነታረኩ የኖሩ ወዳጆች ናቸው። ትልቁ ንትርካቸው በወይዘሪት ነው። ወይዘሪት እንደ ትራስ የሞላች፣ ሁለት ቤት የምታስተዳድር ድመት ናት፤ ጠዋት እኛ ጋ ትበላለች፣ ከሰዓት እሱ ጋ። ሁለቱም «የኔ ናት» ይላሉ።

አንድ ሰኞ አጎቴ ያቀረበላትን ዓሣ አሽትታ ጥላው ሄደች። ማክሰኞም እንዲሁ። አጎቴ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ያ ምላሳም ሥጋ እያጎረሳት ነው፤ ጠግባ ነው የምትመጣው!»

«ለምን አትጠይቀውም፣ ጋሼ?»

«እኔ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

ሰላምታ ነሳው። ለካ ፀጉር አስተካካዩም «በዓሣ አታለለብኝ» ብሎ አኩርፎ ኖሯል። ሁለት ጎልማሶች ተኳርፈው ድመቷ መሀል ላይ ጦሟን ታድራለች።

በዚያ ሳምንት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እንሰፋ ነበር፤ ደማቅ ቢጫ ጨርቅ። ወይዘሪት ጥቅሉ ላይ ተኝታ ትውላለች። ሐሙስ ዕለት ጆሮዋ ውስጥ ቢጫ ነገር አየሁና ለአጎቴ አሳየሁት። በቅጡ እንኳ ሳያይ፣ «የጨርቁ ነጸብራቅ ነው፤ አንቺም እኮ ፊትሽ ቢጫ ሆኗል» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ ዩኒፎርሙ ተጭኖ ሄደ። አጎቴ ጠረጴዛው ላይ የተኛችውን ወይዘሪትን ሊያነሳ እጁን እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ። ጨርቁ ሄዷል፤ ቢጫው ግን አልሄደም። ጆሮዋ፣ ድዷ፣ የዓይኗ ነጭ ሁሉ ቢጫ ነው። ባለፈው ክረምት ለቀልድ ካፖርት ሰፍቶላት ስለነበር ልኳን ያውቀዋል። ሜትሩን አውርዶ ወገቧ ላይ ጠመጠመው።

«ስድስት ሴንቲ ቀንሳለች» አለ።

ግድግዳውን በቡጢ ደበደበው። «አንተ! ምንድን ነው የምታበላት?»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ብቅ አለ። «እኔ? ከሰኞ ጀምሮ እኔ ጋ መች ቀመሰች? አንተ ጋ አይደል እንዴ የምትበላው?»

ክው አልን። ሁለት ሳህን እያላት ስድስት ቀን ያልበላች ድመት ፊታችን ተኝታለች።

የእንስሳት ሐኪሟ ሆዷን ዳሰሰች፤ ደሟን መረመረች።

«ጉበቷ ነው። ወፍራም ድመት ለቀናት ሳትበላ ስትቀር ስቧ ጉበቷ ላይ ይከማቻል። ጉበቷ ሲታመም ደግሞ ጭራሽ ምግብ ያስጠላታል። አሁን መድኃኒቷ ምግብ ነው፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ፣ በየሦስት ሰዓቱ፣ ጥቂት ጥቂት። ትተርፋለች ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

አጎቴ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ዓይኔ ዋሸኝ» አለ። እንዲያ ገርጥቶ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አንዱ በፎጣ ጠቅልሎ ይይዛታል፣ ሌላው በአፏ ጥግ ጠብ ያደርግላታል። «ታፈሳለህ!» «አንተ ደግሞ ታንቃታለህ!» ንትርኩ ተመለሰ። ሁለቱም በየቀኑ ሳህናቸውን ሞልተው ያስቀምጣሉ፤ እሷ ግን ዞር ብላም አታየው።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን አጎቴ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ጫፍ በስፒል እያያዘ ሳለ ግድግዳው ተደበደበ።

«ና! ቶሎ ና!»

አጎቴ ሞታለች ብሎ ደነገጠ። ሰውዬውን ባንድ እግሩ በተጠቀለለ ሱሪ አቁሞት ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት።

ወይዘሪት ፀጉር በተበተነበት ወለል ላይ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ሳህን፣ ማንም ሳይነካት አቀርቅራ ትበላለች።

«እኔ ጋ በላች» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ፈራ ተባ እያለ።

አጎቴ ተንበረከከ። ሜትሩ ሳህኑ ውስጥ ገባ፤ አላወቀውም። እንባው በጺሙ ይወርዳል።

«አንተ ጋ ትብላ» አለው። «ዕድሜ ልኳን አንተ ጋ ትብላ።»