አባቴ ያልማለው መሐላ

«ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን ሁሉ ካመንክ መኪና አትገዛም፤ በእግርህ ትሄዳለህ» አለ አባቴ።

«የጻፉት እኮ ባለመኪኖቹ ናቸው። የዚህ ሞዴል ሞተር እየነዱት ድንገት ይጠፋል ይላሉ» አሉ ጋሽ መኮንን።

ዌምብሊ፣ ቤታችን በር ላይ ነን። አባቴ ሊሸጥላቸው ያሰበውን ትልቅ መኪና ሦስታችንም ከበን ከቆምን ግማሽ ሰዓት አልፎናል።

«የእኔ አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም» አለ አባቴ።

ባለፈው ሳምንት ሃክኒ ከሚባለው ሰፈር ስንመለስ መሀል መንገድ ላይ ጠፍቶብን፣ ከኋላችን የነበረው አውቶብስ ለትንሽ ነው የሳተን። አባቴ ለእናቴ እንዳልነግራት አስጠንቅቆኛል። ጋሽ መኮንን ደግሞ መንትዮቻቸውን ትምህርት ቤት ሊያመላልሱበት ነው። መናገር ፈለግሁ፤ ግን ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ መግባት አልችልበትም። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግሬ እቆማለሁ።

«እንግዲያው ማልልኝ» አሉ ጋሽ መኮንን። «ልጄ ትሙት በልና ቁልፉን ስጠኝ።»

በቃ፣ አለቀ አልኩ በልቤ። አባቴ በእኔ ለመማል ሰስቶ አያውቅም። ያረፈደው መንገድ ተዘግቶበት ከሆነ «ሶስና ትሙት» ነው፤ ምግብ ሲጨመርለትም «ሶስና ትሙት፣ ጠግቤአለሁ» ነው። አንዳንድ ቀን ምሳ ሳይደርስ ሦስት ጊዜ እሞታለሁ።

«ሶስና...» ብሎ ጀመረና ዞር ብሎ አየኝ።

ከዚያ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤት ገባ።