ሙጫ አቀባዩ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ሳሎን ቁጭ ብላ ጥፍሯን ስትቀባ ሽታው እኔ ወደምሠራበት ክፍል ገባ። አፍንጫ የሚቆነጥጠው የጥፍር ቀለም ሽታ ሌላውን ሰው የሠርግ ዋዜማ ያስታውሰው ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላን ነው። የጀመርኩትን ዜና ትቼ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ የሆነው ካምፓላ ነው፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ካባላጋላ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ሄኖክ ከሚባል ጓደኛዬ ጋር እኖር ነበር። ሁለታችንም ከአዲስ አበባ የወጣን ስደተኞች ነበርን። እኔ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሳህን አጥባለሁ፤ እሱ ያስተናግዳል። እንግሊዝኛውም የአገሩ ቋንቋ ሉጋንዳውም ከአፉ ስለሚፈስ ከአከራይም፣ ከፖሊስም፣ ቦዳ ከሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ነጂም ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። የተበላሸ ሬዲዮ ወይም የተሰበረ ቁልፍ ሲመጣ ደግሞ ተራው የእኔ ይሆናል። «አንተ እጅ፣ እኔ አፍ፤ ተደምረን አንድ ሰው ይወጣናል» ይል ነበር። እኔም አምኜው ነበር።

አንድ ቀን ሄኖክ ከደንበኛ የሰማውን ወሬ ይዞ መጣ። ንቲንዳ በሚባል ሰፈር ሚስተር ካቶ የሚባል አርክቴክት አለ፤ ለሕንፃ ገዢዎች የሚታዩ ትናንሽ የሕንፃ ሞዴሎች የሚሠሩበት ወርክሾፕ አለው፤ እጁ የረቀቀ ሠራተኛ ይፈልጋል። በዚያ ላይ የጦርነት ዘመን የጃፓን አውሮፕላኖችን ሞዴል ይሰበስባል። ካቶ የሚል የጃፓን ስም፣ በዚያ ላይ የጃፓን አውሮፕላን! ሰውዬው ጃፓናዊ መሆኑን ለአፍታም አልተጠራጠርንም። ሄኖክ መስታወት ፊት ቆሞ እጅ መንሳት ሲለማመድ ሰነበተ።

ንቲንዳ ሄደን በሩን ስናንኳኳ የከፈተልን ቦርጫም ሙጋንዳ፣ የዚያው አገር ተወላጅ ነበር። ሄኖክ ግን ቀድሞ ጎንበስ ብሏል፤ ቀና ለማለትም አፈረ። ሰውዬው እስኪያስለው ሳቀ። «ካቶ በእኛ አገር ከመንታ ሁለተኛ የተወለደ ወንድ ልጅ ስም ነው» አለን። ውጭ አገር ሲማር ስሙን የሰማ ሁሉ ጃፓናዊ ይጠብቅ ስለነበር ጓደኞቹ ለቀልድ የ«ዜሮ» ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ሰጡት። ቀልዱ ሱስ ሆነ። አሁን ግድግዳው ሙሉ መስታወት ያለው መደርደሪያ ነው።

ያልተገጣጠመ ዜሮ በካርቶን ሰጠን። «አሻንጉሊት አልፈልግም፤ እውነተኛውን አሳንሳችሁ አምጡልኝ። ካሳመናችሁኝ ሥራ አለ» አለ። የሄኖክን ስልክ ቁጥር ጻፈ። እኔ ያን ቀን ከሰላምታ ሌላ ትንፍሽ አላልኩም። ቋሚ ሥራ ማለት ከሳህን እጥበት መውጣት፣ በወር መጨረሻ አንገት ሳይደፉ ኪራይ መክፈል ማለት ነበር።

ዝናቡ ገብቶ ስለነበር መንገዱ ሁሉ ቀይ ጭቃ ነው። እኔ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ዋንዴገያ እየወረድኩ ኢንተርኔት ቤት እቀመጥ ነበር። ጫካ ውስጥ ወድቆ የተገኘ የአንድ ዜሮ ስብርባሪ ፎቶግራፍ አግኝቼ አሳተምኩ። ከውጭ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከሆዱ ግራጫ። በተቀደደው ጎኑ በኩል የሚታየው ውስጡ ግን እንደ ጢንዚዛ ጀርባ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ አረንጓዴ ነበር። የባሕር አየር ብረቱን እንዳይበላው የሚቀባ ቫርኒሽ ነው፤ ከሥሩ ብረቱ ይታያል።

እንዲህ ያለ ቀለም የሚሸጥ ካምፓላ ውስጥ አላገኘሁም። ከቡና ቤቶች የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ለቅሜ የአውሮፕላኑን ውስጥ ለበጥኩ። ከዚያ ጎረቤታችን ጽጌ የውበት ሳሎን ሄጄ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ለመንኳት።

«ምነው፣ ልትዳር ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ለአውሮፕላን ነው።»

«አብራሪው እንዳይቀናብህ ብቻ» ብላ ሙሉ ጠርሙስ ሰጠችኝ።

የሰማያዊና የአረንጓዴ ማርከር ቀለም ጨምቄ ጨመርኩበት። ብርማው ወረቀት ላይ ሲያርፍ ልክ ፎቶግራፉን መሰለ። ለብቻዬ ጮኼ ሳቅሁ።

ሄኖክ ምሳ ሰዓት አልፎ ምግብ ቤቱ ጭር ሲል ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ገዝቶ ይመጣል። ትኩሱን ቻፓቲ ከነእንቁላሉ ለሁለት ገምሶ ለእኔ ትልቁን ይሰጠኛል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠይቃል፤ እኔ አስረዳለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም።

«ግን ሁለቱ ጎኖች ከተጣበቁ በኋላ ይህን ውስጡን ማን ያየዋል?» አለኝ አንድ ቀን።

«አይታይም። አይታይም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።»

«አንተስ ፍቅር ይዞሃል» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ።

በመጨረሻ የቀረው ከአብራሪው ወንበር ኋላ ካለው ምሰሶ እስከ ጭራው የሚዘረጋው የሬዲዮ ሽቦ ነበር። የፕላስቲክ ቁራጭ በሻማ አሙቄ፣ ፀጉር እስኪያህል ስቤ ለጠፍኩት። ሄኖክ ለሚስተር ካቶ ደወለ። «ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ አለ። ለሁለታችንም ሥራ አለ!» ብሎ አቀፈኝ።

ሐሙስ ዕለት ለምግብ ቤቱ ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ አውሮፕላኑ ጠረጴዛው ላይ የለም። ቦታው ላይ የተበጠሰችው ሽቦ ብቻ ወድቃለች። ወደ አእምሮዬ የመጣው አንድ ነገር ነው፦ ሰውዬው ሄኖክን በድንገት ጠርቶት፣ እኔን ቢያጣ ጊዜ ብቻውን ሄደ፤ አሁን ሽቦው እንደጎደለ ሲያይ ይደነግጣል። አዲስ ሽቦ ስቤ በመጠጫ ቀሰም ውስጥ ከተትኩ፤ የሙጫውን ቱቦ ይዤ ቦዳ ላይ ዘለልኩ። በጂንጃ መንገድ መጨናነቅ መሐል ነጂውን «ቶሎ፣ ቶሎ» እያልኩ ነበር የሄድኩት። ልረዳው ነበር የምሮጠው።

ስደርስ ሚስተር ካቶ ዜሮውን በሁለት እጁ ይዞ ያገላብጣል። ሄኖክ አጠገቡ ቆሟል፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሸሚዙ የእኔ ነበር።

«ይህ ያን ቀን አብሮህ የመጣው አይደለም?» አለ ሚስተር ካቶ።

ሄኖክ ፊቴን አላየም። እጄ ላይ ያለውን ቱቦ አየ። «አዎ፣ አብሮኝ ይኖራል። ስሠራ ሙጫ ያቀብለኝ ነበር።»

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሚስተር ካቶ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ማስረጃ እንዳለኝ እርግጠኛ ነበርኩ። «ውስጡ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ይጠይቁት» አልኩ። አውሮፕላኑ ካልተሰበረ ማንም አያየውም።

ሄኖክ አልተቻኮለም። «ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፤ እንደ ጢንዚዛ ጀርባ» አለ። «የባሕር አየር ብረቱን እንዳይበላው የሚቀቡት ቫርኒሽ ነው። የሲጋራ ብርማ ወረቀት ለጥፌ የጥፍር ቀለም ቀባሁበት። አይታይም፤ አይታይም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።»

ቃል በቃል የእኔ ነበር። ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ እንኳ አልቀረችውም። ሚስተር ካቶ በደስታ ትከሻውን መታ አደረገው።

ከዚያ ሄኖክ ሰውዬው በማይሰማው በአማርኛ፣ ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ፣ «ወንበሩ አንድ ነው፣ ወንድሜ። አንተ እጅ አለህ፤ የትም ትሠራለህ። በናትህ አታሳጣኝ» አለኝ። እጁንም ዘረጋ። «ሙጫውን አቀብለኝ።»

አቀበልኩት። ሽቦውንም ሰጠሁት። ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ፤ አውሮፕላኑ ጎድሎ እንዲቀር ስላልፈለግሁ ይመስለኛል። ሲለጥፈው አንዲት የሙጫ ጠብታ የአብራሪው ክፍል መስታወት ላይ ወደቀች። ሚስተር ካቶ አላያትም። እኔ አየኋት።

ከንቲንዳ ካባላጋላ ድረስ በዝናብ በእግሬ ተመለስኩ። ሄኖክ በማግስቱ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ልብሱን ይዞ ወጣ። ሸሚዜን አጥቦ፣ አጥፎ፣ አልጋዬ ላይ ትቶልኛል። ነገሩን ለጽጌ ስነግራት የሰው ጥፍር እየሞረደች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣ «እኔ እኮ አውሮፕላን የምትቀባበት መስሎኝ ነበር ቀለሙን የሰጠሁህ። ለካ የቀባኸው ሄኖክን ነው» አለች።

ኋላ ጋዜጠኛ ሆንኩ። በሥራዬ ብዙ ሰው ዋሽቶኛል፤ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የለም። የዚያን ቀን ስህተቴ ምን እንደነበር የገባኝም በሥራዬ ነው። ቀለሙ ምን ዓይነት ነው ብዬ አስጠየቅሁት። ቀለሙን ማን ነገረህ ብዬ ማስጠየቅ ነበረብኝ። ዛሬ አንድ መረጃ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ወጣት ባልደረቦቼ ይሰለቹብኛል። ሥራውን ማጣቴ አልፏል፤ ሌላ እንጀራ በልቻለሁ። ያላለፈው የሮሌክሱ ነገር ነው። ትልቁን ግማሽ ሲሰጠኝ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጠኝ፣ የወደደኝ መስሎኝ ነበር። ምናልባትም ወድዶኝ ነበር። ይህን የሚያረጋግጥልኝ ምንጭ እስካሁን አላገኘሁም።

ሽታው ሲበረታብኝ ተነሥቼ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ልጄ ጥፍሯ እንዳይነካካ ጣቶቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። ጠርሙሱ ከጠረጴዛው ማዶ ነው።

«አባዬ፣ እስቲ እሱን አቀብለኝ» አለችኝ።

ትንሽ ቆሜ አየኋት። ከዚያ አቀበልኳት።