ጋሽ ስምንት እና ቁጥር አርባ ሰባት

ታላቅ ወንድሜን የሥራ ባልደረቦቹ «ጋሽ ስምንት» ይሉታል። ሥራው በከተማችን የዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ አዳዲስ የጌጥ አበባ ዝርያዎችን እየመረመረ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ነጥብ መስጠት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ታዲያ እጁ አንድም ቀን ዘጠኝ ጽፎ አያውቅም። «ዘጠኝ የሰጠሁ ቀን፣ በማግሥቱ ምን ለማየት ብዬ ሥራ እገባለሁ?» ይላል።

ይህ አመሉ ከመናፈሻው በር አይወጣም እንዳትሉ። የሠራሁትን ሾርባ ቀምሶ «ስድስት፤ ጨው ቢጨመርበት ሰባት» ይለኛል። ሚስቱን፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሠርጋቸው ዕለት ስምንት ሰጥቷታል። አንዷን ለምን እንዳጎደለባት ብትጠይቀው፣ «ጫማው ጠቦሽ ታነክሺ ነበር» አላት። እሷም በዚህ ስትስቅበት ኖረች። እሷ ካረፈች ወዲህ እኔ ቤት ነው የሚኖረው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነን።

የዕረፍት ጊዜውንም የሚያሳልፈው በሌላ ከተማ ያሉ የዕፅዋት መናፈሻዎችን በመጎብኘት ነው። እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። ሰው ሁሉ አበባው ፊት ቆሞ ፎቶ ሲነሣ፣ እሱ ከኮት ኪሱ ማስመሪያውን አውጥቶ ይንበረከካል። አንድ ጊዜ አንዲት ጥበቃ «አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?» ብላ ጎንበስ ብላ አብራው ስትፈልግ ቆየች። «የጠፋብኝስ የለም፤ ግንዱ ሁለት ጣት ረዝሟል» አላት። ልጅቷ እኔን አየችኝ፤ እኔ ደግሞ ዛፍ አየሁ።

ለቤቱ አበባ ግን ዓይን የለውም። «ቀኑን ሙሉ ቅጠል ስቆጥር ውዬ እቤቴም ልቁጠር?» ይላል። በልብስ ማጠቢያው ክፍል መስኮት ላይ፣ በተሰነጠቀ የሸክላ ማሰሮ የተከልኩት ጄራንየም የሚባል አበባ አለኝ። እርጥብ ካልሲውን እሱ ላይ ያሰጣበታል። ተራ ቀይ ጄራንየም ነበር። የዛሬ ሰባት ዓመት ግን ከአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ብቻ ቀይ፣ በቀጭን እርሳስ የተከበበ የሚመስል አበባ ወጣ። ቅርንጫፉን ቆርጬ እዚያው በተሰነጠቀው ማሰሮ በቀዩ ፈንታ ተከልኩት፤ ከእሱ ደግሞ ልጁን፣ ከልጁም የልጅ ልጁን። መልኩን አልቀየረም። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ከዚህ ዓለም ሳልፍ ይህን ማን ውሃ ያጠጣዋል የሚል ሐሳብ ይዞኝ ከረመ።

በመጨረሻ ደፈርኩና የመናፈሻውን መዝገብ ያዥ አነጋገርኳት። ለካ ማንም ሰው አዲስ ዝርያ ማስገባት ይችላል። ሃያ ችግኝ ይሰጣል፤ ችግኞቹ በሚተከሉበት መደብ ላይ በትንሽ የእንጨት ምልክት የሚጻፈው ቁጥር እንጂ የባለቤቱ ስም አይደለም። ሦስት መርማሪዎች በየፊናቸው ነጥብ ይሰጣሉ። አማካዩ ሰባት ከሞላ መናፈሻው አበባውን ለዘለቄታው ይይዘዋል፤ ካልሞላ ተነቅሎ ብስባሽ ጉድጓድ ይገባል። የአበባውን ባለቤት ያወቀ መርማሪ ደግሞ ነጥቡን ሰርዞ መውጣት አለበት።

«አደራ፣ ለወንድሜ እንዳትነግሪው» አልኳት።

«እማማ፣ እሳቸውማ የእርስዎ መሆኑን ቢያውቁ ይብስባቸዋል» ብላ ሳቀች። የእኔ ቁጥር አርባ ሰባት ሆነ።

ያን ሰሞን የራት ሰዓት መከራዬ ነበር።

«አርባ ሰባት የምትባል አንዲት አለች» ይላል ማንኪያውን አስቀምጦ። «አንገቷ መርዘሙ! በአጥር ላይ አንጋጣ ወሬ የምትለቅም ጎረቤት ትመስላለች።»

«ምናልባት ፀሐይ አንሷት ይሆናል» አልኩ ሳህኔን እያየሁ።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የአበባ ጠበቃ የሆንሽው?»

«ሾርባ ልጨምርልህ?» ብዬ ተነሣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። በማግሥቱ ራት ላይ ጨው እንኳ ሳይጠይቅ በላ። «ሌሎቹ በሙሉ ጭቃው ላይ ተኝተዋል» አለ በስተመጨረሻ። «ያቺ ባለ አንገት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቆማለች።»

ነጥብ ማስረከቢያው አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት፣ «ተነሺ፣ የማሳይሽ ነገር አለ» ብሎ ወደ መናፈሻው ወሰደኝ። መደቡ ጫፍ ላይ ስንደርስ ግራ ቀኝ አየና ከኪሱ ቅጹን አወጣ። በአርባ ሰባት ትይዩ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ፣ ዘጠኝ ተጽፏል።

«ለማንም እንዳትናገሪ፤ መሳቂያ ያደርጉኛል» አለ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያኔ ዝም ብዬ መቆም ነበረብኝ። ግን አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ? አንድ የደረቀ አበባ ዓይኔ ገባ። እጄ እኔን ሳያማክር ሄዶ በጥፍሩ ቀነጠበው፤ ሥሩ ላይ ያለውን አፈር በሁለት ጣት ጫን ጫን አደረገና ደረቁን አበባ ኪሴ ከተተ። በየጠዋቱ መስኮቴ ላይ የማደርገው ነው። መደብ ላይ ያለ ተክል መንካት ክልክል መሆኑን ደግሞ ከወንድሜ ሰምቼ ሰምቼ ጆሮዬ ደንቁሯል።

እጄን አየ። ኪሴን አየ። ከዚያም አርባ ሰባትን ከላይ እስከ ታች አያት።

«ካልሲዬን የማሰጣባት!» አለ።

«ወንድምጋሼ…»

«ዝም በይ! ይህን ሁሉ ወር አፍሽን ዘግተሽ፣ እጅሽን ለአንዲት ደቂቃ መሰብሰብ አቃተሽ?» እስክሪብቶውን አወጣ።

«ማን አየን? አንድ ቀን ብቻ እኮ ነው የቀረው» አልኩት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«እኔ አየሁ። ዘመድ ከዘመዱ ሊባል ነው?» ዘጠኟን በአንድ መስመር ሰርዞ ጎኗ ላይ ፈረመ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ «እህቴ» ብሎ ጻፈ። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ አንድም ዛፍ አልተቸም።

የሁለቱ መርማሪዎች ነጥብ ሰባትና ስምንት ሆኖ ተገኘ። በወንድሜ ቦታ የተተካችው የቀድሞ ተማሪው ናት፤ ከእሷ ቢያንስ ስድስት ያስፈልገኝ ነበር። ወንድሜ ሦስት ቀን ሙሉ ሳሎኑን ሲመላለስበት ሰነበተ።

«ያቺ ልጅ ከአምስት በላይ መስጠት ይከብዳታል» አለ።

«ማን ነበር ያስተማራት?» አልኩት።

ፊቱን አዙሮ መመላለሱን ቀጠለ።

በአራተኛው ቀን በሩን በርግዶ ገባ። «ስድስት! ዓይኗን ምን ጋረዳት? ያን ዝናብ አላየችም? ስድስት ይሰጣል?» ኮቱን ሳያወልቅ እስከ ማድ ቤት ተከተለኝ። እሱ ሲጮህ እኔ በጣቴ ደመርኩ። ሰባት፣ ስምንት፣ ስድስት፤ ሃያ አንድ። ለሦስት ሲካፈል፣ ሰባት።

«ወንድምጋሼ፣ አልፋለች እኮ» አልኩት።

«አልፋለች! ግን በስድስት ይታለፋል?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

መዝገብ ያዧ ስም እንዳወጣላት ብትጠይቀኝ አፈርኩና «አርባ ሰባት ይበቃታል» አልኳት። አሁን ከመናፈሻው ዋና መንገድ ዳር ተተክላለች፤ ውሃ የሚያጠጣት ሰው አለ።

ውጤቱ በተሰማ ማግሥት ጠዋት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስገባ ካልሲው ከመስኮቱ ተነሥቷል። ማሰሮው ውስጥ እንደ መደቡ ያለ ትንሽ የእንጨት ምልክት ተተክሎ፣ ላዩ ላይ ስምንት ተጽፎበታል።

«እዚህ ቤትማ ሕጉ አይከለክልህም» አልኩት። «ለምን ስምንት?»

«አበባዋ ዘጠኝ ናት» አለ ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሣ። «ማሰሮው ተሰንጥቋል።»

ማሰሮውን እስካሁን አልቀየርኩትም።