ሀይፋ ከሰርቨሮቹ ጋር የተቆለፈባት ሰኞ

ሀይፋ፣ ቤቴል ሰፈር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ምድር ቤት ውስጥ ስድስት የሊኑክስ ሰርቨሮችን መንከባከብ ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። የሕመምተኞች ካርድ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የበሮቹ መክፈቻ ሳይቀር የሚሠራው በእነሱ ነው። ስታገባም ስትወልድም ስልኳ ከእጇ አልተለየም።

በቅርቡ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰብስቤ ሰርቨሮቹን ከሩቅ ሆኖ ከሚያስተዳድር ድርጅት ጋር ተዋዋሉ። ለዚህም ኤጀንት የሚሉት ፕሮግራም በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ መጫን አለበት። የምትጭነው ደግሞ ራሷ ሀይፋ ናት።

«ዋናው ፓስወርድ በእነሱ እጅ ብቻ ይሁን ይላሉ» አለቻቸው። «እኔ ጋ አንድ መጠባበቂያ ቢቀርስ?»

«ውሉ አይፈቅድም። አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ።»

አምስቱን በሦስት ቀን ጨርሳ፣ ሰኞ ጠዋት ለመጨረሻው ወረደች። ካርዷን አስጠግታ ገባች፤ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ሥራዋን ገና ስትጀምር በሮቹን የሚያዘው ሰርቨር ጠፍቶ ተነሣ። ድርጅቱ ሳይነግራት ማሻሻያ እየጫነ ኖሯል። ልትወጣ ካርዷን ብታስጠጋ ቀይ መብራት። ደግማ ሞከረች፤ ቀይ።

ጥፋቱን ለማግኘት አምስት ደቂቃም አልፈጀባት። ማሻሻያው የበሩን ፕሮግራም የሚያስነሣውን መስመር ሰርዞታል፤ አንዲት መስመር መልሶ መጻፍ ነው። ሰርቨሩ ግን «ፈቃድ የለዎትም» አላት። በገዛ እጇ ያስረከበችው ፈቃድ! ስልኳ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ኔትወርክ አያገኝም። በኮምፒውተሩ ለድርጅቱ ብትጽፍ «ጥያቄዎን በኃላፊዎ በኩል ያቅርቡ» የሚል መልስ መጣላት። ለአቶ ሰብስቤም ላከች፤ እሳቸው ግን ኢሜይል የሚከፍቱት ሲያስታውሱ ነው።

በሩን ደበደበች። ጩኸቷን የማቀዝቀዣው ድምፅ ዋጠው። ግድግዳው እየቀረበ የሚመጣባት መሰላት፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ የላቦራቶሪው ኃላፊ እትዬ ዘነበወርቅ ሊፈልጓት ወርደው በሩን አንኳኩ።

«ሀይፉ! እዚህ ነሽ እንዴ?»

«በሩ አልከፈት አለኝ፣ እትዬ! የሰርቨሮቹን ሁሉ መብራት ካላቋረጥኩ መቆለፊያው አይለቅም።»

«ታዲያ አቋርጪዋ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ላይ ስንት ሰው ነው ውጤት የሚጠብቀው?»

«አርባ ይሆናል። ሁለቱ ድንገተኛ ናቸው።»

ሀይፋ የመብራቱን ገመድ ጨብጣ ነበር። ለቀቀችው።

«አቶ ሰብስቤን ይጥሩልኝ» አለች።

ሌላ አርባ ደቂቃ አለፈ። በሩ ቀጭ ብሎ ሲከፈት አቶ ሰብስቤ ስልካቸውን ይዘው ቆመዋል።

«አየሽ? ከዚያ ሁሉ ርቀት እንዴት እንደከፈቱት!»

«መጠባበቂያው ፓስወርድ ካልተሰጠኝ ስድስተኛውን አልጭንም» አለች።

«ውሉ እኮ…»

«የተቆለፈብኝ እኔ ነኝ፣ አቶ ሰብስቤ።»

በሳምንቱ ለበሩ በእጅ የሚከፈት ተራ ቁልፍ ተገጠመለት። ፓስወርዱ ግን አልመጣም፤ የመጣላት «ሥራ እምቢ ብለሻል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወርዳ ስድስተኛውን ጫነች።

ማታ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ኋላ ወንበር፣ በሁለት ሰዎች መሐል ተጣበቀች።

«እባክህ ወንድሜ፣ መስኮቱን ክፈትልኝ» አለችው አጠገቧ ያለውን።

«እየዘነበ እኮ ነው።»

«ይዝነብ።»